እንቅርት፣ ሙሆጎና ነፍሰ ጡር እናት

ባለፈው ተርም ሰባተኛ ክፍል ሳይንስ ስናስተምር «እንቅርት ከምን ይመጣል?» ብለን ጠየቅን። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ከአዮዲን ማነስ!» አለ፤ መጽሐፉም የሚለው እሱኑ ነው። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ኮንጎአዊት ተማሪ ግን እጇን አውጥታ «እኛ አገር ከሙሆጎም ነው ይባላል» አለች። ልጆቹ ሳቁባት። እኛም ፈገግ ብለን አለፍናት። በኋላ አንብበን ስናየው ለካ ልጅቷ ትክክል ነበረች። ይቅርታ ጠይቀናታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታይሮይድ አንገታችን ላይ ያለች ትንሽ እጢ ናት፤ ከምግብና ከውሃ በምታገኘው አዮዲን ሆርሞን ትሠራለች። በእርግዝና ጊዜ ሥራዋ ይበዛል። ፅንሱ የራሱን ሆርሞን በበቂ መሥራት የሚጀምረው በእርግዝናው አጋማሽ ገደማ ስለሆነ፣ እስከዚያ ድረስ አእምሮው የሚያድገው በእናቱ ሆርሞን ነው። ለአዋቂ ሰው በቀን 150 ማይክሮግራም አዮዲን ሲበቃ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለነፍሰ ጡር 250 የሚለው ለዚህ ነው። ጉድለቱ ከባድ ከሆነ ጉዳቱ የልጁ አእምሮ ላይ ይቀራል፤ ያንን ደግሞ እኛ መምህራን ክፍል ውስጥ ብንለፋ አንመልሰውም።

ታዲያ ሙሆጎ (ካሳቫ) የት ገባ? በተለይ መራራው ዓይነት በደንብ ካልተዘጋጀ ሳያናይድ ይለቃል። ሰውነታችን ያንን ወደ ቲዮሲያኔት ይለውጠዋል። ቲዮሲያኔት ግን አዮዲን ወደ እጢዋ በሚገባበት በር ላይ ይጋፋል። የራሽን ሰልፍ የሚያውቅ ሰው ይሄ አይጠፋውም። የሲጋራ ጭስም ይህንኑ ቲዮሲያኔት ያመጣል።

አዮዲን በበቂ ካለ ግፊያው ብዙ አይጎዳም። ባነሰበት ቦታ ግን እንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው። በኪቩ ሐይቅ ባለችው በኢጅዊ ደሴት የተሠራና በ1971 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ይህንን አሳይቷል፤ አዮዲን በደሴቲቱ በጠቅላላ አንሶ ሳለ እንቅርት የበዛው በሰሜኑ ነበር፣ ልዩነቱም ከሚበላው ካሳቫ ጋር ተያያዘ።

አትብሉ ማለታችን አይደለም፤ ስንት ቤተሰብ የሚኖርበት ምግብ ነው። ልጣጩን አንሱ፣ ሦስት ቀን ያህል ዘፍዝፉ፣ ውሃውን ድፉ፣ ፀሐይ ላይ አድርቁ። ዱቄቱን ከገበያ ከገዛችሁ ደግሞ በውሃ አርጥባችሁ ሰፌድ ላይ ስስ አድርጋችሁ አስጡት። ፀሐይ ላይ ሁለት ሰዓት፣ ጥላ ሥር አምስት ሰዓት ሲቆይ ሳያናይዱ በንኖ ይወጣል። ከዚያ በዚያው ቀን አብስሉት።

አንድ ነገር አደራ። አንገት ሲያብጥ «የቁስል አዮዲን ጠጪበት» የሚል መካሪ አይጠፋም። በፍጹም እንዳታደርጉት! ከልክ ያለፈ አዮዲንም እጢዋን ያውካል፣ እንቅርትም ያመጣል። በአፍሪካ ለብዙ ዓመታት በቆዩ የስደተኞች ካምፖች የተደረገና በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ያገኘው እንዲያውም የአዮዲን መብዛትን ነበር። ስለዚህ የአንዲት እናት ችግር ማነስ ይሁን መብዛት አንገቷን አይቶ መናገር አይቻልም። እርጉዝ ሆና አንገቷ ያበጠ ወይም ፊት የታይሮይድ ሕመም የነበረባት፣ ሆዷ እስኪገፋ ሳትጠብቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክሊኒክ ሄዳ ትንገር፤ የሚለየው ምርመራ ነው።

ተማሪያችን የሙሆጎ አዘገጃጀቱን በሚቀጥለው ተርም ለክፍሉ ልታሳይ ተስማምታለች። ሰፋ ያለ ሰፌድ ያላችሁ አውሱን።