እብጠቱ ከመቆረጡ በፊት

ጭን ላይ ወይም ጉልበት አጠገብ የወጣ፣ የማያም እብጠት ብዙ ጊዜ «ስብ ነው» ተብሎ ይታለፋል። በአብዛኛውም ስብ ነው። ከ5 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ፣ እያደገ ከሄደ ወይም ጡንቻ ውስጥ ከተቀበረ ግን ሳርኮማ የተባለውን የካንሰር ዓይነት መጠርጠር ግድ ነው።

ከሳርኮማ ዓይነቶች በራዲዮሎጂ ሥራዬ በጣም የሚያሰጋኝ ሲኖቪያል ሳርኮማ ነው። በብዛት ወጣቶችን ይይዛል፤ ለዓመታት ቀስ ብሎ ሊያድግ ይችላል፤ በኤምአርአይ ደግሞ አንዳንዴ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ይመስላል። ስለዚህ ምስሉን የሚያጎላ ፈሳሽ (ኮንትራስት) በደም ሥር ሰጥተን እንደገና እናነሳለን፤ ውስጡ ካበራ ውኃ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ኤምአርአይ የእብጠቱን ስፋትና ለነርቭና ለደም ሥር ያለውን ቅርበት ያሳየናል፤ ምንነቱን የሚያረጋግጠው ግን በመርፌ የሚወሰድ ናሙና ነው።

ኤምአርአይና ናሙና ሳይቀድሙት የተቆረጠ ሳርኮማ ቅሪቱ ሊቀርና ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ሊያስከትል ይችላል። እባካችሁ፣ ትልቅ ወይም ጥልቅ እብጠት ካለባችሁ ከቀዶ ጥገናው በፊት ኤምአርአይ ተነሡ።