የሰዓቱን ዕዳ ማን ይከፍላል? ሥራ፣ እናትነትና የመሪነት ኃላፊነት



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ሥራንና እናትነትን አጣምረው ለሚጓዙ ሴቶች የሚሆን የመሪነት ትምህርትን ይመለከታል። በየመድረኩ ለሴት ኃላፊዎች አንድ የተለመደ ጥያቄ ይቀርባል፦ «ሥራዎንና ቤትዎን እንዴት አድርገው ያመጣጥኑታል?» ጥያቄው ለወንድ ሚኒስትር ወይም ለወንድ ዲን ሲቀርብ ሰምቼ አላውቅም። ጠያቂው ክፉ አስቦ አይደለም፤ ሆኖም መልሱን ከአንዲት ሴት ብርታት ውስጥ ብቻ እንድንፈልግ ያደርገናል። እኔ መልሱን የምፈልገው በሰዓት ውስጥ ነው። አንዲት እናት በኃላፊነት ወንበር ላይ ስትቀመጥ ከቤቷ የሚጎድል ሰዓት አለ፤ ያንን ሰዓት የሚሞላው ሌላ ሰው ነው። ማን ይሞላዋል? በምን ዋጋ? የመሪነት ፈተና ከዚህ ይጀምራል ብዬ አምናለሁ።

አስቀድመን ሕጉን እንመልከት። በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ከሙሉ ደመወዝ ጋር የወሊድ ፈቃድ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ይህንን ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን አድርጎታል፤ በቀድሞው አዋጅ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው 60 ቀን ነበር። ለአባትም 3 ቀን ተፈቅዷል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጓል። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ከ20ዎቹ ሚኒስትሮች 10ሩ ሴቶች ሆነው ሲሾሙ፣ በዚያው ወር ክብርት ሣህለወርቅ ዘውዴ ርእሰ ብሔር፣ ክብርት መዓዛ አሸናፊም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሲሆኑ አይተናል። እነዚህ በቀላሉ የተገኙ ውጤቶች አይደሉም።

ይሁን እንጂ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃን እስከ 6 ወር ድረስ የእናት ጡት ብቻ እንዲጠባ ይመክራል። የእናቲቱ ፈቃድ ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ያበቃል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የሚተዳደር አባት ደግሞ በ4ኛው ቀን ወደ ሥራው ይመለሳል። በፈቃዱ ጊዜ የሚከፈለውን ደመወዝ የሚሸከመው አሠሪው ብቻውን ነው፤ ወጪውን በአሠሪዎች ሁሉ መካከል የሚያከፋፍል የማኅበራዊ መድን ሥርዓት አልዘረጋንም። ሕጉ በፆታ ማዳላትን ቢከለክልም፣ አንድ አነስተኛ ድርጅት ወጣት ሴት ከመቅጠሩ በፊት እንዲያመነታ የሚገፋፋ ምክንያት ሳይነካ ቀርቷል።

የቀደመው ማኅበረሰባችን እናትነት የአንድ ሰው ሸክም እንዳልሆነ ያውቅ ነበር። አራሷ ትታረሳለች፤ እናቷ ቅቤዋን ይዛ ከአገር ቤት ትመጣለች፤ ጎረቤት ገንፎውንና አጥሚቱን ያቀርባል። ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሣ ድረስ ቤቱ በሌሎች እጅ ይቆማል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ መባሉ ለዚህም ይሠራል። ዛሬ አያት በክፍለ ሀገር፣ ልጅ በከተማ ጋራ መኖሪያ ቤት ሲኖሩ ሃምሳው ሎሚ በሁለት ሴቶች እጅ ቀርቷል፦ በእናቲቱና በቤት ሠራተኛዋ።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። አንድ የበላይ ኃላፊ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ አስቸኳይ ስብሰባ ጠራ እንበል። የመምሪያ ኃላፊዋ ልጅ አላት፤ ይሁን እንጂ «እናት ስለሆነች አትችልም» እንዳይባልባት ትቀመጣለች። ጸሐፊዋም ቃለ ጉባኤ ለመያዝ ትቀራለች። ስብሰባው 12 ሰዓት ተኩል ላይ ያልቃል፤ ኃላፊዋ በታክሲ ሰልፍና በመንገድ መጨናነቅ ውስጥ አልፋ ከምሽቱ 2 ሰዓት ቤቷ ትደርሳለች። ልጇን ስትጠብቅ የቆየችው የቤት ሠራተኛ ግን 12 ሰዓት ላይ የሚጀምር የማታ ትምህርት ነበራት። ከላይ የተወሰደው ሰዓት ደረጃ በደረጃ ወርዶ በመጨረሻ ያስቀረው የዚህችን ልጅ ትምህርት ነው። ቃለ ጉባኤው ይህንን አይመዘግብም። የሰዓት ዕዳ የምለው ይህንን ነው፤ ሁልጊዜ ወደ ታች ይወርዳል፣ የሚከፍለውም እምቢ ለማለት አቅም የሌለው ሰው ነው።

የዚህች ሠራተኛ መብትስ? አዋጅ ቁጥር 1156 የግል አገልግሎት ቅጥርን ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጭ አድርጎ፣ ጉዳዩ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲወሰን ትቶታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአሠሪያቸው ጋር ስለሚኖሩ ሠራተኞች ጥቂት አንቀጾች አሉት። ወላጇ ኃላፊ በአዋጅ የተቆጠረላት የወሊድ ፈቃድ ሲኖራት፣ ልጇን የምትይዝላት ወጣት የሥራ ሰዓቷና የዕረፍት ቀኗ በአመዛኙ በአሠሪዋ መልካም ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በተግባር ሕጓ አሠሪዋ ናት።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ትምህርቶችን አቀርባለሁ።

አንደኛው ሰዓትን በግልጽ መወሰን ነው። ውሳኔ የሚሰጥባቸው ስብሰባዎች ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ይደረጉ። ኃላፊዋ ልጇን ከትምህርት ቤት ለመውሰድ ስትነሣ «ሌላ ስብሰባ አለኝ» ከምትል ምክንያቷን በግልጽ ትናገር፤ ከሥሯ ያሉ እናቶችና አባቶች ያን ጊዜ ያለ ፍርሃት መነሣት ይችላሉ። «ሥራ ቀጠሮ አይሰጥም» የሚል መከራከሪያ እንደሚኖር አውቃለሁ። በሆስፒታልም ሆነ በሌላው መሥሪያ ቤት እውነተኛ አስቸኳይ ጉዳይ ያጋጥማል። በየሳምንቱ የሚመጣ አስቸኳይ ጉዳይ ግን የዕቅድ ጉድለት ምልክት ነው።

ሁለተኛው ውክልና ነው። በብዙ መሥሪያ ቤቶቻችን ሥራ የሚቆመው ፊርማና ማኅተም በአንድ ሰው እጅ ስለሚያዝ ነው። ለመውለድ የተቃረበች ኃላፊ ከፈቃዷ ወራት አስቀድማ ተተኪዋን ብታለማምድ፣ ውክልናው የሚጸናበትን ጊዜና የውሳኔ ወሰኑን በጽሑፍ ብታሰፍር፣ ስትመለስ ወንበሯም ሥራውም ይጠብቋታል። እንዲህ ያለ ዝግጅት ስትታመምም ሆነ ስትዛወር ተቋሙን ይጠቅማል። የእኛም ሙያ ከዚህ ነፃ አይደለም፤ የአካዳሚክ ማዕረግ ዕድገት ሲመዘን፣ አንዲት መምህርት በወሊድ ፈቃድ ላይ የነበረችበትን ጊዜ ጽሑፍ እንዳላሳተመችበት ባዶ ጊዜ መቁጠር ፍትሐዊ አይደለም።

ሦስተኛውና ከባዱ፣ ለመሥሪያ ቤታችን የምንጠይቀውን ደንብ በቤታችን መፈጸም ነው። ሠራተኛዋን ስንቀጥር የሥራ ሰዓቷን፣ ደመወዟን፣ የሳምንት ዕረፍቷንና የትምህርት ሰዓቷን በጽሑፍ እንስማማ። አባትም ምሽቱን «ሚስቴን ላግዛት» በሚል ስሜት ሳይሆን እንደ ራሱ ተራ ይያዘው። ወርኃዊ ደመወዛቸው ሠራተኛ ለመቅጠር የማይበቃ መምህራንና ነርሶች ብዙ መሆናቸውን አልዘነጋሁም። የሕፃናት ማቆያን እንደ ቅንጦት ማየት የማይገባንም ለዚህ ነው፤ በየቤቱ አንዳንድ ሰው ከመቅጠር ይልቅ የሠለጠኑ ተንከባካቢዎች በአንድ ክፍል በርካታ ሕፃናትን ቢይዙ ወጪው ይቀንሳል፣ ተንከባካቢዋም ደመወዝና ሙያ ያላት ሠራተኛ ትሆናለች።

ውድ ተማሪዎቼ፣ ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ ነገ ስብሰባ ትጠራላችሁ፣ ፈቃድ ትፈርማላችሁ፣ ሰው ትቀጥራላችሁ። አንዲት ሴት ከፍ ያለ ወንበር ላይ መድረሷ ትልቅ ነገር ነው። የመሪነቷ ልክ የሚታወቀው ግን ወደ እርሷ የደረሰውን የሰዓት ዕዳ ወደ ታች ሳታስተላልፍ ባለችበት ስታስቆመው ነው። ይህ ለወንዶቹም እኩል ይሠራል፤ አብዛኛውን ስብሰባ የሚጠሩት ዛሬም እነርሱ ናቸውና። ስለዚህ ከ11 ሰዓት በኋላ ስብሰባ ለመጥራት ስታስቡ፣ በዚያ ምሽት ደብተሯን ይዛ በር በሩን የምታይ አንዲት ልጅ በሰንሰለቱ መጨረሻ ላይ እንዳለች አስቡ።