ላቢያፕላስቲ ለማድረግ የምታስብ ሴት ምን ይጠብቃታል?

ላቢያፕላስቲ የሚባለው ቀዶ ሕክምና የሴት ብልትን ከንፈሮች የሚያሳጥር ወይም ቅርጻቸውን የሚያስተካክል ነው። ውጨኛው ከንፈር የሚነካበት ጊዜ አለ፤ አብዛኛው ሥራ ግን የሚሠራው በውስጠኞቹ ላይ ነው። በአሜሪካ፣ በእንግሊዝ፣ በብራዚልና በአውስትራሊያ በደንብ የታወቀ ሕክምና ነው። እኛ ዘንድ ይህን የሰውነት ክፍል በስሙ መጥራት ራሱ ስለሚያሳፍር፣ ጥያቄ ያላት ሴት እናቷንም እህቷንም ሐኪሟንም ሳትጠይቅ በቀጥታ ወደ ስልኳ ትሄዳለች። እዚያ የሚቆያት ደግሞ አገልግሎቱን የሚሸጠው ክሊኒክ ማስታወቂያ ነው፤ «በፊት» እና «በኋላ» የሚል ጥንድ ፎቶ። ይህ አካሄድ ከጭራው የተጀመረ ነው ብዬ አምናለሁ። ሴቲቱ ስለ ምላጩ ከመስማቷ በፊት መስማት ያለባት ነገር የጤነኛ ሴቶች ብልት እርስ በርሱ ምን ያህል እንደሚለያይ ነው። ያንን አውቃ ብትወስን ውሳኔው የራሷ ነው፤ ሳታውቅ ከወሰነች ግን የወሰነላት ፎቶው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 የለንደን ሐኪሞች ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 50 የሆኑ 50 ሴቶችን ለክተው ውጤቱን አሳትመው ነበር። ሴቶቹ ለሌላ የማህፀን ሕክምና ማደንዘዣ የወሰዱ እንጂ በብልታቸው ቅርጽ ቅሬታ ያላቸው አልነበሩም። የውስጠኛው ከንፈር ርዝመት ከ2 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ወደ ውጭ የሚወጣው ስፋቱ ደግሞ ከ7 ሚሊ ሜትር እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ሰባት ሚሊ ሜትር የትንሿን ጣት ጥፍር እንኳ አይሞላም፤ አምስት ሴንቲ ሜትር ወደ አውራ ጣት ርዝመት ይጠጋል። ሁለቱም ጤነኛ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ በስዊዘርላንድ ሉሰርን ከተማ ከ15 እስከ 84 ዓመት ባሉ 657 ሴቶች ላይ የተደረገ ልኬትም «ትክክለኛው መጠን ይህ ነው» የሚያሰኝ ነገር አላገኘም። ግራና ቀኙ አለመመጣጠኑ፣ ጠርዙ መጥቆሩ፣ ውስጠኛው ከውጨኛው አልፎ መታየቱ፣ ሁሉም የተለመደ ነው። ጥቁረቱ በጉርምስና የሚመጣ እንጂ የቆሻሻም የበሽታም ምልክት አይደለም።

ታዲያ «የእኔ ልክ አይደለም» የሚለው ስሜት ከየት ይመጣል? በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ሙከራ አንዱን ምንጭ ያሳያል። ተመራማሪዎቹ 97 ወጣት ሴቶችን በቡድን ከፍለው፣ ለአንዱ ቡድን በቀዶ ሕክምና የተስተካከሉ ብልቶችን ፎቶ፣ ለሌላው ያልተነኩትን አስቀድመው አሳዩ። የተስተካከለውን አስቀድመው ያዩት ሴቶች በኋላ ሲጠየቁ «ተፈጥሯዊ የሚመስለው ይህ ነው» ብለው የጠቆሙት ወደ ተስተካከለው አዘነበለ። ዓይን ያየውን ይለምዳል፣ የለመደውንም መለኪያ ያደርገዋል። መለኪያው የአገር ልማድ መሆኑን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በሩዋንዳ ልጃገረዶች ይህንኑ የውስጥ ከንፈር በመጎተት እንዲያስረዝሙት የሚማሩበት ጉኩና የሚባል ነባር ልማድ አለ፤ እዚያ የሚያሳፍረው አጭሩ ነው። ለንደን ውስጥ ገንዘብ ተከፍሎ የሚቆረጠው ሥጋ፣ ሩዋንዳ ውስጥ በትዕግሥት የሚሳበው ነው።

ይህን ሁሉ ማለት ግን ቀዶ ሕክምናው ፈጽሞ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ብስክሌት ስትነዳ፣ ስትሮጥ ወይም ጠበብ ያለ ሱሪ ስትለብስ እየተፋተገ የሚቆስልባት፣ በግንኙነት ጊዜ ወደ ውስጥ እየገባ የሚያማት ሴት አለች። የእሷ ችግር በመስታወት ፊት የተወለደ አይደለም። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀጠሮ ከመለኪያው የሚቀድመው ጥያቄ ነው፤ ምን ያስቸግርሻል? መቼ ጀመረሽ? ማን ምን አለሽ? መልሱ «ባለቤቴ ደስ አይለውም» ከሆነ ሐኪሙ እዚያ ላይ ቆም ማለት አለበት። ቀጥሎ ምርመራው ይመጣል። ማሳከክና ማቃጠል ካለ የፈንገስ ኢንፌክሽን ወይም የቆዳ በሽታ ሊሆን ስለሚችል አስቀድሞ ይታከማል። ጥሩ ሐኪም የእጅ መስታወት ለታካሚዋ ሰጥቶ እያንዳንዱን ክፍል በስሙ እየጠራ ያሳያታል። ብዙ ሴት የራሷን ብልት አስተውላ አይታው አታውቅም፤ ይህች የአሥር ደቂቃ ትምህርት ብቻዋን ጥያቄውን የምትዘጋበት ጊዜ አለ። የምታጨስ ሴት ቁስሏ ቶሎ ስለማይድን ሲጋራ እንድታቆም ትጠየቃለች፤ እንደ አስፒሪን ያለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስድም አስቀድማ ማሳወቅ አለባት።

ቀዶ ሕክምናው ራሱ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይወስዳል፤ በሙሉ ማደንዘዣ፣ ወይም ቦታውን ብቻ አደንዝዞ የሚያረጋጋ መድኃኒት በመጨመር ይሠራል። ዋና ዋናዎቹ ዘዴዎች ሁለት ናቸው። በመጀመሪያው ተርፎ የወጣው ጠርዝ ዳር ዳሩን ተቆርጦ ይሰፋል። ቀላል ነው፣ የጠቆረውንም ጠርዝ ያስወግዳል፤ ነገር ግን ስፌቱ በጠርዙ ላይ በሙሉ ስለሚሄድ ጠባሳው ረጅም ነው፣ እጅ ካበዙበትም ከንፈሩ ጭራሽ ሊጠፋ ይችላል። የተቆረጠ ደግሞ አይመለስም። በሁለተኛው መሐል ላይ እንደ ሸሚዝ አንገት ሹል ሆኖ የሚወርድ ቁራጭ ይወጣና ላይና ታቹ ይገናኛል። የተፈጥሮ ጠርዙ ይተርፋል፤ ስፌቱ ከተወጠረ ግን ሊተረተር ይችላል። ክሩ በራሱ የሚሟሟ ስለሆነ ለማውጣት መመለስ አያስፈልግም። ታካሚዋ ብዙውን ጊዜ በዚያው ቀን ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

ማስታወቂያው የማያሳየው ከዚህ በኋላ ያለውን ሳምንት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቦታው ከነበረበት በላይ ያብጣል፣ ይበልዛል፤ ያን ጊዜ በመስታወት ያየች ሴት ብትደነግጥ አይገርምም። በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ይያዝበታል፣ ጋደም ይባላል። ሽንት ሲነካው ስለሚያቃጥል በሽንት ሰዓት ለብ ያለ ውኃ ከጠርሙስ እያፈሰሱ መሽናት ይረዳል፤ ከዚያ ሳይፈትጉ ጫን ጫን እያደረጉ ማድረቅ ነው። የውስጥ ልብሱ ሰፋ ያለ ጥጥ ይሁን። ግንኙነት፣ ታምፖን፣ ብስክሌትና ከባድ እንቅስቃሴ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይቆያሉ። የመጨረሻው ቅርጽ የሚታየው እብጠቱ ሙሉ በሙሉ ሲወርድ ነው፣ ያም ወራት ይፈጃል። መድማት፣ ኢንፌክሽን፣ የስፌት መላቀቅ፣ የሚያም ጠባሳ፣ በግንኙነት ጊዜ ሕመም፣ የስሜት መቀነስ ወይም መለወጥ፣ እንደገና መሠራት፤ እነዚህ ሊደርሱ የሚችሉ ጉዳቶች ናቸውና ቅጹ ላይ ከመፈረሟ በፊት በሚገባት ቋንቋ ሊነገሯት ይገባል። የውስጠኛው ከንፈር በነርቭና በደም ሥር የተሞላ፣ በስሜት ጊዜ የሚሞቅና የሚያብጥ አካል ነው፤ ትርፍ ቆዳ አይደለም።

የእኛ አንባቢ እዚህ ላይ የሚያነሳው ጥያቄ ግልጽ ነው፤ ይህ ከግርዛት በምን ይለያል? ጥያቄው ከባድ ነው፣ ቀለል ተደርጎ ሊታለፍም አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 65 በመቶው ተገርዘዋል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 565 ግርዛትን፣ በአንቀጽ 566 ደግሞ ብልትን መስፋትን ይቀጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ግርዛት የሚለው ያለ ሕክምና ምክንያት የሴትን ውጫዊ ብልት የሚቆርጥ ወይም የሚጎዳ ተግባር ሁሉ ነው፤ ድርጅቱና አጋሮቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት መግለጫ ለውበት የሚደረጉ የብልት ቀዶ ሕክምናዎችም በቃሉ ትርጉም ውስጥ እንደሚወድቁ ራሳቸው ጽፈዋል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. የ2003ቱ ሕግ የሚፈቅደው ለአካል ወይም ለአእምሮ ጤንነት አስፈላጊ የሆነውን ቀዶ ሕክምና ነው። ልዩነቱ፣ እንደኔ፣ የሚገኘው በመቁረጫው ንጽሕና ወይም በክሊኒኩ ነጭ ግድግዳ ላይ አይደለም። የተገረዘችው ልጅ ይዘዋት ነው የተቆረጠችው፤ አዋቂዋ ግን ልትጠየቅ፣ ልትመለስ፣ እምቢ ልትል ትችላለች። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። የሚቆመው ግን እምቢ ማለቷ በእርግጥ የሚቻል እስከሆነ ድረስ ነው፤ የባል ንቀት ወይም የማስታወቂያ ማስፈራሪያ ከኋላ እየገፋት ከመጣች ልዩነቱ ይቀጥናል።

«አዋቂ ሴት ናት፣ ገንዘቧ ነው፣ አካሏ ነው፤ እናንተ ምን አገባችሁ?» የሚል ተቃውሞም አለ። ክብደት ያለው ተቃውሞ ነው፣ ግማሹንም እቀበለዋለሁ፤ ካደረጉት ሴቶች ብዙዎቹ በውጤቱ ደስ እንዳላቸው ይናገራሉና። ሆኖም የአሜሪካ የማህፀንና ፅንስ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ምክር እንዳለው፣ የእነዚህን ሕክምናዎች ጠቀሜታ የሚያረጋግጥ ጠንካራ መረጃ የለም፤ ታካሚዋም ይህን ማወቅ አለባት። ነፃነት ያለ መረጃ ሊሠራ አይችልም። ዕድሜዋ ከ18 በታች የሆነች ልጅ ጉዳይማ ከዚህ ይለያል። የአካሏ እድገት አልተጠናቀቀም፤ በ13 ዓመት ያልተመጣጠነው በ18 ሊመጣጠን ይችላል። የብሪታንያ የማህፀን ሐኪሞች ማኅበራት ከ18 ዓመት በፊት እንዳይደረግ የመከሩት ለዚህ ነው።

በልጅነቷ ብልቷ ተሰፍቶ ያደገች ሴት የምትፈልገው ደግሞ ላቢያፕላስቲ አይደለም። የእሷ ሕክምና የተሰፋውን መክፈት ነው፤ የወሊድ ጉዳትን ለመከላከል የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 መመሪያው የሚመክረው፣ የጤና ምክንያቱ የማያከራክር ሥራ ነው። በውጭ አገር ያለች እህታችን ይህን ልዩነት ሳታውቅ የውበት ክሊኒክ በር ብታንኳኳ ተገቢው እጅ ላይ ላትወድቅ ትችላለች፤ የተገረዙ ሴቶችን የሚያክም ክፍል ያለው ሆስፒታል መጠየቅ ይሻላታል።

አውጥታ አውርዳ ላቢያፕላስቲውን ለማድረግ የወሰነች ሴት ለሐኪሟ የምታቀርባቸው ጥያቄዎች አጭር ናቸው። ይህን ቀዶ ሕክምና ስንት ጊዜ ሠርተሃል? የትኛውን ዘዴ ነው የምትጠቀመው፣ ለምንስ? ምን ያህል ትተዋለህ? ስፌቱ ቢላቀቅ ማን ያየኛል፣ በማን ወጪ? ዋጋው ስለረከሰላት ወደ ሌላ አገር በአውሮፕላን ሄዳ ልትሠራ ካሰበች የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል። ስፌት የሚላቀቀው፣ ኢንፌክሽንም የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፤ በዚያን ጊዜ እሷ ቤቷ ትሆናለች፣ የሠራት ሐኪም ግን ባሕር ማዶ ነው።