«አንድ ጨዋታ በላኝ!» የስምንት ጨዋታ ቲኬት ሂሳብ

ቅዳሜ ማታ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታዎች ሲያልቁ ከየዲኤስቲቪ ቤቱ የሚወጣው ወጣት ሁለት ዓይነት ወሬ ይዞ ነው የሚወጣው። አንደኛው ስለ ኳሱ ነው፤ ማን አገባ፣ ማን ሳተ፣ ዳኛው ምን አደረገ። ሁለተኛው ስለ ቲኬቱ ነው። የቲኬቱ ወሬ ደግሞ ከሳምንት ሳምንት ብዙም አይለወጥም። «ስምንት ጨዋታ ይዤ፣ ሰባቱ ገብተውልኝ አንዱ በላኝ!» ይላል ባለ ቲኬቱ። አድማጩም ከንፈሩን መጠጥ አድርጎ «አይዞህ፣ ለጥቂት ነው የሳትከው፤ በሚቀጥለው ይገባልሃል» ብሎ ያጽናናዋል።

ለመሆኑ እውነት ለጥቂት ነው? በሚቀጥለውስ ይገባል? መልሱን ለማግኘት ጠንቋይ ቤት መሄድ አያስፈልግም። የዘጠነኛ ክፍል ሂሳብ ይበቃል። ያ «ሳንቲም ሲወረወር»፣ «ከከረጢት ቀይ ኳስ ሲወጣ» እያለ ተማሪውን የሚያሰለቸው የስታትስቲክስና የፕሮባብሊቲ ምዕራፍ ዛሬ የብዙ ወጣት ኪስ የሚወሰንበት ሆኗል። ውርርዱ ከሰፈር ሱቅ አልፎ ሞባይል ውስጥ ገብቷልና።

ለነገሩ ፕሮባብሊቲ ራሱ ከቁማር ጠረጴዛ ላይ የተወለደ እውቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ1654 ፓስካልና ፌርማ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን የሂሳብ ሊቃውንት በደብዳቤ የተጻጻፉበት ጥያቄ «ጨዋታው ሳያልቅ ቢቋረጥ የተያዘው ገንዘብ እንዴት ይከፈል?» የሚል ነበር። ከዚያ ወዲህ አወራራጆች ሂሳቡን በደንብ ተምረውታል። ያልተማረው ቲኬት ቆራጩ ነው።

ፔናሊቲው ሲባዛ

ከሚያውቁት ነገር መጀመር ይሻላል። እ.ኤ.አ. በጥር 2013 ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰው ከወቅቱ ሻምፒዮን ዛምቢያ ጋር ሲጫወቱ ሳላዲን ሰኢድ የመታውን ፔናሊቲ ግብ ጠባቂው ኬኔዲ ምዌኔ መለሰበት። አዳነ ግርማ ባገባት ጎል ጨዋታው 1 ለ 1 ቢያልቅም የዚያች ፔናሊቲ ቁጭት እስከ ዛሬ ይወራል። ሁሉም ሰው ፔናሊቲ ገቢ ነው ብሎ ስለሚያስብ ነው።

በብዙ ሊጎችና ውድድሮች ሲታይ ከአራት ፔናሊቲ ሶስቱ ያህል ይገባል። በመቶኛ ቢሰላ 75 ገደማ ነው። አንድ ፔናሊቲ ሲመታ ተመልካቹ ይገባል ብሎ ቢያምን አልተሳሳተም። አምስት መቺዎች ተሰልፈው አምስቱም ያገባሉ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚህ ላይ አይደመርም፣ አይካፈልም፤ ይባዛል። 0.75 በ0.75 እየተባለ አምስት ጊዜ ሲባዛ 0.24 ይመጣል። አምስቱም የሚያገቡት ከአራት አንድ ጊዜ ያህል እንኳ አይሞላም ማለት ነው። እያንዳንዱ መቺ ጥሩ ነው፤ የሁሉም በአንድ ላይ ማግባት ግን ብርቅ ነው።

ቲኬቱም እንዲሁ ነው። አንዱ ጨዋታ በሌላው ላይ ተጽእኖ ስለሌለው የስምንቱ ዕድል እርስ በርሱ ይባዛል። ከአንድ በታች የሆነ ቁጥር ደግሞ በተባዛ ቁጥር ይኮማተራል እንጂ አያድግም። ቲኬቱ ላይ የሚታየው የገንዘብ መጠን ሲያብጥ የማግኘት ዕድሉ ከስር እየሟሸሸ ነው።

ያልተሸነፈው አርሰናልም ይበላል

«እኔ የምይዘው ትልልቅ ክለብ ብቻ ነው» የሚል ደጋፊ አይጠፋም። እስቲ ከትልልቆቹ ሁሉ ትልቁን እንውሰድ። በ2003/04 የውድድር ዘመን የአርሰን ቬንገሩ አርሰናል 38 ጨዋታ ተጫውቶ አንድም ሳይሸነፍ ዋንጫውን ወሰደ። ቲየሪ ኦንሪ፣ ቪዬራ፣ ቤርካምፕ፣ ፒሬስ የነበሩበት ቡድን ነው። ታዲያ ከ38ቱ ስንቱን አሸነፈ? 26ቱን። በ12ቱ አቻ ወጣ። በመቶኛ 68.4 ማለት ነው።

አሁን ያንን አርሰናል የመሰሉ ስምንት ቡድኖች በአንድ ቅዳሜ ይጫወታሉ እንበል። ስምንቱም የማሸነፋቸው ዕድል 0.684 ስምንት ጊዜ ሲባዛ ነው። ውጤቱ 4.8 በመቶ ገደማ ይሆናል። ከ21 ቅዳሜ አንዱን ማለት ነው። በታሪክ ከታዩት ቡድኖች ምርጥ ከሚባሉት አንዱን ስምንት አድርጎ የያዘ ሰው ከ21 ቲኬት 20 ያህሉን ቀዶ ይጥላል።

አርሰናል አቻ ያበዛል የሚል ካለ ደግሞ የጋርዲዮላው ማንቸስተር ሲቲ አለ። በ2017/18 100 ነጥብ ሲሰበስብ 32 ጨዋታ አሸንፏል። ያንኑ 32 ድል ሲቲ ራሱ በ2018/19፣ ሊቨርፑል ደግሞ በ2019/20 ደግመውታል፤ እስከ 2024/25 ድረስ ግን በፕሪሚየር ሊጉ የበለጠው የለም። በመቶኛ 84.2 ነው። እንዲህ ያሉ ስምንት ቡድኖች ቢገኙ እንኳ ስምንቱም የሚያሸንፉት ከአራት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የቅዳሜው ቲኬት ላይ ያሉት ስምንቱም ክለቦች የ100 ነጥቡ ሲቲ ናቸው ወይ? መልሱን ባለ ቲኬቱ ያውቀዋል።

ኦዱ ውስጥ የተደበቀችው ቆራጭ

ኦድ ትንቢት አይደለም፤ ዋጋ ነው። ሱቅ ያለ ትርፍ እንደማይሸጥ ሁሉ አወራራጁም ያለ ትርፍ ኦድ አያወጣም። ትርፉን ማወቅ ከባድ አይደለም። ለምሳሌ ለአንድ ጨዋታ ባለሜዳው 1.80፣ አቻ 3.50፣ እንግዳው ቡድን 4.20 ተሰጥቷቸዋል እንበል። አንድን ለእያንዳንዱ ኦድ ማካፈል ነው። 1 ለ1.80 ሲካፈል 55.6 በመቶ፤ ለ3.50 ሲካፈል 28.6፤ ለ4.20 ሲካፈል 23.8። ሶስቱ ሲደመሩ 108 ይሆናሉ።

የአንድ ጨዋታ ውጤት ከሶስቱ አንዱ መሆኑ አይቀርምና የሶስቱ ዕድል ድምር በትክክል 100 መሆን ነበረበት። ከመቶ በላይ ያለችው ስምንት የቤቱ ናት። ወደ ብር ሲመለስ፣ ከሚያዘው 100 ብር በአማካይ 92 ብር ከ60 ሳንቲም ያህል ለተወራራጆች ይመለሳል፤ ቀሪው እዚያው ይቀራል። ሰባት ብር ምን አላት ሊባል ይችላል። በአንድ ጨዋታ እውነት ነው፣ ብዙም አይደለችም።

ግን ማባዛቱን አንርሳ። ስምንት ጨዋታ የያዘ ሰው ይህችን ቆራጭ ስምንት ጊዜ ነው የሚከፍላት። 0.926 ስምንት ጊዜ ሲባዛ 0.54 ነው። እንግዲህ በስምንት ጨዋታ ቲኬት ከሚያዘው 100 ብር በአማካይ የሚመለሰው 54 ብር ነው። ከአሸናፊ ላይ የሚቆረጥ ግብር ሲጨመር ደግሞ ከዚህም ያንሳል። ብዙ ጨዋታ የያዘ ቲኬት ከቤቱ ሰው ይልቅ ቤቱን የሚያስደስተው ለዚህ ነው።

አንድ ሺህ ደጋፊ ሲሰለፍ

ነገሩ በሰው ቁጥር ሲታይ የበለጠ ይገባል። አንድ ሺህ ደጋፊዎች እያንዳንዳቸው 50 ብር አውጥተው የተለያየ ስምንት ጨዋታ ይዘዋል። ሁሉም የያዙት 1.80 ኦድ ያላቸውን ነው። ስምንቱ ሲባዛ 110 ይሆናል፤ ስለዚህ የገባለት 5,500 ብር ገደማ ያገኛል። ቤቱ 50,000 ብር ሰብስቧል።

የቤቱ ትርፍ ሲነሳ የእያንዳንዱ ጨዋታ እውነተኛ ዕድል 51.5 በመቶ ነው። ስምንት ጊዜ ሲባዛ ግማሽ በመቶ ላይ ያርፋል። ከሺው ሰው ስምንቱም የሚገቡለት አምስት ሰው ያህል ነው። ለአምስቱ ወደ 27,500 ብር ይከፈላል። የቀረው 22,500 ብር የቤቱ ነው።

አሁን ወደዚያ የቅዳሜ ማታ ወሬ እንመለስ። ሰባት ገብተውለት በአንድ ጨዋታ ብቻ የተበላው ስንቱ ነው? ሂሳቡ 37 ሰው ይላል። በሁለት ጨዋታ የተበላው ደግሞ 120 ያልፋል። ከአሸናፊው ይልቅ «አንድ ጨዋታ በላኝ» ባዩ ከሰባት እጥፍ በላይ ይበዛል ማለት ነው። ለዚህ ነው በየሰፈሩ ይህ ቁጭት የማይጠፋው። ሰውየው ዕድለ ቢስ ስለሆነ አይደለም። የስምንት ጨዋታ ቲኬት በተፈጥሮው «ለጥቂት» የሚባል ሰው በገፍ የሚያመርት ነገር ስለሆነ ነው። «ለጥቂት ሳትኩ» ያለው ደግሞ ሰኞ ተመልሶ ይመጣል።

አማካይ የሚባለው ቁጥርም እዚህ ላይ ሰውን ያታልላል። 22,500 ብር ኪሳራ ለአንድ ሺህ ሰው ሲካፈል በነፍስ ወከፍ 22 ብር ከ50 ይደርሳል። ቀላል ኪሳራ ይመስላል። ይሁን እንጂ 22 ብር ከ50 የከሰረ አንድም ሰው የለም! አምስቱ በሺዎች አገኙ፣ 995ቱ ሃምሳ ብራቸውን እንዳለ አጡ። ሺዎቹ ከትልቁ እስከ ትንሹ በሰልፍ ቢቆሙና መሀል ላይ ያለው ቢጠየቅ የሚለው «ሃምሳዬን በላኝ» ነው። የሂሳብ መምህራን ሚዲያን የሚሉት ይህንን የመሀል ሰው ነው። ሰፈሩ የሚያወራው ግን ስለ አምስቱ ነው።

«ዛሬ ተራው ነው»

ሌላው የኪስ ቀበኛ «ይህ ቡድን ይሄን ሁሉ ጊዜ አላሸነፈም፤ ዛሬማ ሳያሸንፍ አይቀርም» የሚለው አስተሳሰብ ነው። በ2007/08 የደርቢ ካውንቲን ተራ የጠበቀ ሰው ጉድ ሆኗል። ደርቢ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2007 በስድስተኛ ጨዋታው ኒውካስልን 1 ለ 0 አሸነፈ። ከዚያ በኋላ የቀሩትን 32 የሊግ ጨዋታዎች ሲጫወት አንዱንም ሳያሸንፍ በ11 ነጥብ ወረደ። ተራው አልደረሰም። ኳስ ተራ አትጠብቅም፤ ያለፈው ሽንፈት የዛሬውን ድል አይገዛም። ቲኬትም እንደዚሁ ነው። ያለፈው ሳምንት ሰባት ስለገባ የዚህ ሳምንት ስምንት የመግባት ዕድሉ በአንዲት ቅንጣት አይጨምርም።

«ሌስተርስ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ በ2015/16 መጀመሪያ ላይ ቀበሮዎቹ ዋንጫ ይበላሉ ላለ ሰው አንድ ለ5,000 ተሰጥቶ ነበር፤ በሉትም። አንድ ፓውንድ የያዘ አምስት ሺህ አገኘ። ግን ያ ሰው በጋዜጣ የወጣው ብርቅ ስለሆነ ነው። በየዓመቱ ሌላ ትንሽ ክለብ ይዘው የከሰሩትን ማንም ፎቶ አያነሳቸውም። አወራራጆቹም በሌስተር ተመቱ እንጂ አልተዘጉም። ስዊዘርላንዳዊው ያኮብ ቤርኑሊ ከሞተ ስምንት ዓመት በኋላ በ1713 በታተመው መጽሐፉ እንዳረጋገጠው ሙከራው በበዛ ቁጥር ውጤቱ ወደ እውነተኛው ዕድል ይጠጋል። ቤቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ቲኬት ይሸጣል፤ ጊዜ ከእሱ ጋር ነው። ባለ አንድ ቲኬቱ ግን ዕድል ላይ ብቻ ተንጠልጥሏል።

«ኳስ አውቃለሁ» ባይስ?

ኳስ ማወቅ ምንም አይጠቅምም ማለት አይደለም። ነገር ግን 1.80 ኦድ የሚይዝ ሰው እንዳይከስር ብቻ፣ ትርፍ ሳያስብ፣ ከመቶ ግምቱ 55.6ቱ ትክክል መሆን አለበት። «አስተማማኝ» የሚባለውን 1.20 የሚይዝ ደግሞ 83.3ቱ። ያ ማለት ከ100 ነጥቡ ሲቲ የማሸነፍ ልክ አንድ በመቶ ያህል ብቻ ዝቅ ያለ ነው። ግምቱን በወረቀት ጽፎ ለአንድ ዓመት የቆጠረ ሰው እውነቱን ያገኘዋል። ሰው የገባለትን ያስታውሳል፣ የተበላውን ይረሳል፤ ወረቀት ግን አይረሳም።

የመጨረሻው ሂሳብ ይህ ነው። በሳምንት አንድ የ50 ብር የስምንት ጨዋታ ቲኬት የሚቆርጥ ወጣት፣ ከላይ ባለው ኦድ ዕድሉ ከ203 አንድ ነው። 203 ሳምንት አራት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። በዚህ ጊዜ 10,150 ብር ያወጣል፤ በአማካይ አንዴ ቢገባለት 5,500 ያገኛል። ያቺ አንዷም ዋስትና የላትም፤ እንደ እሱ ካሉ አስር ወጣቶች መካከል አራቱ ያህል በአራት ዓመት ውስጥ አንዴም አይገባላቸውም። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አሥራ ሁለተኛን የሚጨርስበት ጊዜ ማለት ነው።

ኳስ ድቡልቡል ናት፣ ማንም ማንንም ያሸንፋል ይባላል። ልክ ነው። ስምንት ድቡልቡል ኳስ በአንድ ቀን፣ ሁሉም በተፈለገው አቅጣጫ ይንከባለሉ ብሎ ሃምሳ ብር ከመክፈል በፊት ግን ሞባይሉ ላይ ካለው የውርርድ ገጽ ይልቅ እዚያው ሞባይል ላይ ያለውን ካልኩሌተር መክፈት ይሻላል። እሱ በነጻ ነው።