ከዱርንፎንቴን እስከ ባዛሩቶ፦ የክረምት ጉዞ በሞተርሆም

ጆሃንስበርግ ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ስለሆነች ከሰኔ እስከ ነሐሴ ድረስ ብርዱ ይበረታል። ቀኑ ፀሐያማ ነው፤ ዝናብ የለም ማለት ይቻላል። ሌሊቱ ግን ወደ ዜሮ ዲግሪ የሚጠጋበት፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ። በከተማዋ ዱርንፎንቴንና በአጎራባቹ ጄፒ ሰፈሮች ሱቅ ለከፈቱ ኢትዮጵያውያን ይህ ወቅት ገበያ ቀዝቀዝ የሚልበት ጭምር ነው፤ ትልቁ ሽያጭ የሚጠበቀው በፈረንጆቹ ገና ሰሞን ነው። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ከባንኮኒ ጀርባ የቆመ ቤተሰብ ጥቂት ቀን ማረፍ ከፈለገ ክረምቱ ይመቸዋል። ከዱርንፎንቴን 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በሞዛምቢክ ጠረፍ፣ በዚያው ወቅት የቀኑ ሙቀት 25 ዲግሪ አካባቢ የሆነ የደሴቶች ሰንሰለት አለ፤ ባዛሩቶ ይባላል።

የጉዞው ዕቅድ የሚጀምረው ከቀን መቁጠሪያ ነው። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ይህ ጠረፍ የአውሎ ነፋስ ሥጋት አለበት። በየካቲት 2007 እ.ኤ.አ. ፋቪዮ የተባለው አውሎ ነፋስ ለደሴቶቹ መነሻ የሆነችውን ቪላንኩሎን ክፉኛ ጎድቷታል፤ በየካቲት 2023 ደግሞ ፍሬዲ በዚያው አካባቢ መሬት ረግጧል። ክረምቱ ግን ደረቅና የተረጋጋ ነው፤ ትንኝም ይቀንሳል። በተጨማሪም ከጁላይ ጀምሮ ሐምፕባክ የሚባሉት ዓሣ ነባሪዎች ከደቡብ ዋልታ ባሕር ተነሥተው ለመውለድ በዚህ በኩል ስለሚያልፉ ጀልባ ላይ የወጣ ሰው ሊያያቸው ይችላል።

ኦርቶዶክሳዊ ቤተሰብ ሌላም የሚያሰላው ነገር አለው። የሐዋርያት ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5 ቀን (ጁላይ 12) ነው፤ ፍልሰታ የሚገባው ነሐሴ 1 ቀን (ኦገስት 7) ነው። በዚህ መካከል ያለው ጊዜ ከባሕሩ የወጣ ዓሣ ጠብሶ ለመብላት የተመቸ ነው። የደቡብ አፍሪካ ትምህርት ቤቶች የክረምት ዕረፍት አብዛኛውን ጊዜ ከጁን መጨረሻ እስከ ጁላይ ሦስተኛ ሳምንት ይዘልቃል፤ በእነዚያ ሳምንታት የካምፕ ቦታ ከወራት በፊት ካልተያዘ አይገኝም። ተማሪ ልጅ ለሌለው ሰው እንግዲህ ምርጡ ጊዜ ትምህርት ከተከፈተ በኋላ ፍልሰታ እስኪገባ ያሉት ሁለት ሳምንታት ናቸው፤ መንገዱ ጭር ይላል፣ ዋጋውም ይወርዳል።

ቀጥሎ የሚመጣው የወረቀት ጉዳይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው። የጥገኝነት ጠያቂ ፈቃድ ብቻ የያዘ ሰው ያለ ፈቃድ ከደቡብ አፍሪካ ቢወጣ ማመልከቻውን እንደተወ ይቆጠርበታልና ድንበር መሻገር የለበትም። የስደተኝነት ዕውቅና ያገኘ ሰው ደግሞ የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ያስፈልገዋል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው የሞዛምቢክን ቪዛ፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተመልሶ የሚያስገባውንም ፈቃድ አስቀድሞ ማረጋገጥ ይኖርበታል። መኪናውም የራሱ ወረቀት አለው፤ የባለቤትነት መታወቂያ፣ መኪናው የኪራይ ወይም የባንክ ከሆነ ከአገር እንዲወጣ የተፈቀደበት ደብዳቤ፣ ጊዜያዊ የማስገቢያ ፈቃድና የሞዛምቢክ የሦስተኛ ወገን መድን። በ2024 መጨረሻ በሞዛምቢክ ከምርጫ በኋላ በተነሣው ሁከት ወደ ሞዛምቢክ የሚያሻግረው የሌቦምቦ ድንበር በተደጋጋሚ ተዘግቶ ስለነበር፣ ከመነሣት በፊት ባለው ሳምንት ዜና መከታተልም የዝግጅቱ አካል ነው።

ሞተርሆም ማለት አልጋው፣ የጋዝ ምድጃው፣ ፍሪጁ፣ የውኃ ጋኑና መጸዳጃው ከመኪናው ጋር አንድ ሆኖ የተሠራ ተሽከርካሪ ነው፤ ካራቫን ግን በሌላ መኪና ይጎተታል። በደቡብ አፍሪካ ሕግ ኮድ 8 የሚባለው መንጃ ፈቃድ የሚያገለግለው እስከ 3,500 ኪሎ ግራም ድረስ ነው፤ ከዚያ የሚከብደውን ለመንዳት ኮድ 10 ያስፈልጋል። ለመኪናው ከተፈቀደው ክብደት እንዳያልፍ ጭነት መቁጠር ግድ ነው፤ 100 ሊትር ውኃ ብቻውን 100 ኪሎ ነው። የጋዙን ሲሊንደር ጆሃንስበርግ ሞልቶ መውጣት ይሻላል። ሁለት የማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘንና አንጸባራቂ ሰደርያ በሞዛምቢክ ፖሊስ ይጠየቃሉ። ካራቫን የሚጎትት ሰው ሰማያዊና ቢጫ ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት ከመኪናው ፊትና ከካራቫኑ ኋላ ይለጥፋል።

ለስንቅ ጄፒ ቅርብ ነው፤ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ምስርና ቡና እዚያው ይሸመታሉ። እንጀራ በባሕር ዳር ወበቅ ቶሎ ይሻግታል፤ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚበቃውን ይዞ የቀረውን በድርቆሽ መተካት ይቻላል። ጥሬ ሥጋ ግን ድንበር ላይ ሊወረስ ስለሚችል ባይጫን ይመረጣል።

መንገዱ በኤን 12 ወጥቶ ኢማላህሌኒ አጠገብ ከኤን 4 ጋር ይገናኛል። ከሚደልበርግና ከቤልፋስት በኋላ ደጋው ያልቅና ወደ ቆላ የሚያወርደው ቁልቁለት ይጀምራል፤ ከባድ መኪና የያዘ ሰው ፍሬን ላይ ተኝቶ ከመውረድ ማርሽ ቀንሶ በሞተሩ መያዝ አለበት። ምቦምቤላን አልፎ ማለላን ወይም ኮማቲፖርት ሲደርስ የመጀመሪያው ቀን ይበቃል። ከዚህ ጀምሮ አገሩ የወባ ነው። ጆሃንስበርግም ሆነ አዲስ አበባ ወባ ስለሌለባቸው የደገኛ ሰውነት መከላከያ የለውም፤ በክረምትም ቢሆን መከላከያ ኪኒን ከሐኪም ተቀብሎ በታዘዘው ጊዜ መጀመር ያስፈልጋል።

በማግሥቱ ማለዳ ድንበር ከተሻገሩ በኋላ የማፑቶን መሐል ከተማ ሳይነኩ በዙሪያው መንገድ ማለፍ ይቻላል። ከዚያ ኤን 1 የተባለው አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን ይዘረጋል። በየመንደሩ የፍጥነት ወሰኑ 60 ነው፤ የፍጥነት መቆጣጠሪያ የያዙ ፖሊሶችም ከዛፍ ጥላ ሥር አይጠፉም። ቅጣት የተጣለበት ሰው ደረሰኝ ይጠይቅ። ከመሸ መንዳት ፈጽሞ አይመከርም፤ መብራት የሌለው ብስክሌት፣ ፍየልና እግረኛ አስፋልቱን ይጋራሉ። ከማሲያ ጀምሮ ሻጮች የካሹ ለውዝ በነጭ ላስቲክ ቋጥረው በመንገዱ ዳር በተተከሉ እንጨቶች ላይ ሰቅለው ይታያሉ፤ መኪና ቀስ ሲል ልጆች ከረጢቱን ወደ መስኮቱ ያነሣሉ። ሁለተኛው ሌሊት በሻይ ሻይ፣ ሦስተኛው በማሺሺ ወይም ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ባለችው ኢንሐምባኔ ቢታደር አራተኛው ቀን ቀላል ይሆናል። ከማሺሺ በኋላ መንገዱ በኮኮናት ዛፎች መካከል እየሄደ ማሲንጋ ሳይደርስ የካፕሪኮርን ትሮፒክን ይሻገራል። ፓምባራ ላይ ወደ ቀኝ ታጥፎ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲነዳ ቪላንኩሎ ነው።

ሞተርሆሙ እዚህ ይቆማል። ወደ ደሴቶቹ መኪና የሚያሻግር ጀልባ የለም፤ በከተማዋም ከአስፋልቱ የወጣው መንገድ ሁሉ አሸዋ ስለሆነ ከባድ ተሽከርካሪ በቀላሉ ይቀበራል። የካምፕ ቦታ ሲመረጥ እንግዲህ ከባሕሩ እይታ በፊት የመግቢያው መሬት ጠጣር መሆኑን መጠየቅ ይቀድማል። በዚህ ምክንያት ቅር የሚለው ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ደሴቶቹ እስከ ዛሬ ንጹሕ ሆነው የቆዩበት አንዱ ምክንያት መኪና እንደልቡ ስለማይደርስባቸው ነው።

ባዛሩቶ፣ ቤንጌራ፣ ማጋሩኬ፣ ሳንታ ካሮሊናና ባንጌ አምስቱ ደሴቶች ናቸው። በ1971 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ ፓርክ ሆነው የተከለሉ ሲሆን ከ2017 ወዲህ የሚያስተዳድራቸው አፍሪካን ፓርክስ ከሞዛምቢክ መንግሥት ጋር በመተባበር ነው። የፓርኩ ስፋት ባሕሩን ጨምሮ 1,430 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል። ትልቁ ደሴት ባዛሩቶ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ በምሥራቅ በኩል ከፍተኛ የአሸዋ ክምር፣ በውስጡ ደግሞ አዞ ያለባቸው ጨዋማ ያልሆኑ ሐይቆች አሉት። ከሁሉም ይበልጥ ፓርኩን የሚያስከብረው ዱጎንግ ነው። ይህ ሣር በል የባሕር አጥቢ እንስሳ ከምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ አብዛኛው ክፍል እየጠፋ ሲሆን፣ ራሱን ሊተካ የሚችል መንጋ ቀረ የሚባለው እዚህ ነው። ዓይን አፋር ስለሆነ አይቶት የሚመለስ ጎብኚ ጥቂት ነው፤ የተዘረጋለት መረብ ግን አይስተውም፤ ጠባቂዎቹ በባሕር ሣሩ ላይ መረብ እንዳይዘረጋ የሚለፉትም ለዚህ ነው።

የጀልባው ሰዓት የሚወሰነው በባሕሩ መሙላትና መሸሽ ነው። ውኃው ሲሸሽ የቪላንኩሎ ዳርቻ ሩቅ ድረስ አሸዋ ሆኖ ይቀራል፤ ዳው የሚባሉት ባለ ሸራ ጀልባዎች በጎናቸው ይጋደማሉ፤ ሴቶች ባልዲ ይዘው ከአሸዋው ውስጥ ዛጎል ይለቅማሉ። ውኃው ሲመለስ ጀልባዎቹ ይነሣሉ። ስለዚህ ከጀልባ ባለቤት ጋር ውል ሲደረግ የመሄጃውን ብቻ ሳይሆን የመመለሻውን ሰዓት፣ የተንሳፋፊ ጃኬት መኖሩንና የፓርኩ መግቢያ ክፍያ ከዋጋው ውስጥ መሆን አለመሆኑን መነጋገር ይገባል። በማጋሩኬ ኮራሉ ለዳርቻው ቅርብ ስለሆነ መነጽርና የመተንፈሻ ቱቦ ብቻ ይዞ ማየት ይቻላል፤ ሁለት ማይል የተባለው ሪፍ ደግሞ ለጠላቂዎች ነው።

ድንበር መሻገር የማይችል ቤተሰብ በክረምቱ የሚሞቅ ባሕር በደቡብ አፍሪካም ያገኛል። በኤርሜሎና በፖንጎላ በኩል 600 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ፣ በ1999 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ኢሲማንጋሊሶ ፓርክ አለ። በውስጡ በሴንት ሉሺያና በሶድዋና ቤይ የካምፕ ቦታዎች አሉ። ለሞተርሆም የሚሆን ኤሌክትሪክና ውኃ ስላላቸው ከቪላንኩሎ ይልቅ ይቀላሉ። በሴንት ሉሺያ ከተማ ሲመሽ ጉማሬዎች ከውኃው ወጥተው በጎዳናው ላይ ሣር ስለሚግጡ ልጆች ከጨለመ በኋላ ከካምፑ እንዳይወጡ መጠበቅ ያስፈልጋል።