ሠልጣኙ አሠልጣኝ እስኪሆን
ከገዳሪፍና ከምሥራቅ ሱዳን ድንበር የምናገኘው ትምህርት

መግቢያ

ስልክ ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን በእጃችን የያዝነው ቀፎ ነው። ጥቂት ራቅ አድርገን ስናስብ ደግሞ በኮረብታ ላይ የቆመው የብረት ምሰሶ ይታየናል። ከምሰሶው ጀርባ ያለውን ሰው፣ ይኸውም መስመሩ ሲበጠስ የሚቀጥለውን፣ መሣሪያው ሲበላሽ የሚጠግነውን ባለሙያ የምናስታውሰው ግን መገናኛው ሲቋረጥ ብቻ ነው። ይህ ባለሙያ ከየት ይመጣል? ሙያውን ማን ያስተምረዋል? እርሱ አካባቢውን ቢለቅ ማን ይተካዋል? እነዚህ ጥያቄዎች ሲያዩአቸው የቴሌኮሙኒኬሽን ጥያቄዎች ቢመስሉም ጠለቅ ብለው ሲመረመሩ የማስተማር ጥያቄዎች ናቸው። ስለሆነም በመምህራን መጽሔት ላይ ቢነሡ ከቦታቸው የወጡ አይሆኑም።

ስለ ጉዳዩ በጥቅሉ ከመናገር ይልቅ አንድ አካባቢ ወስዶ መመልከት ይሻላል። ለዚህም ከድንበራችን ማዶ የሚገኘውን የገዳሪፍንና የምሥራቅ ሱዳንን አካባቢ መርጫለሁ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሀ. አካባቢው ለምን ተመረጠ?

ገዳሪፍ በሰሊጥና በማሽላ ምርቷ የታወቀች የምሥራቅ ሱዳን ከተማ ናት። ከጎንደር ተነሥቶ መተማ ዮሐንስ የደረሰ መንገደኛ ድንበሩን ተሻግሮ ጋላባት ከገባ በኋላ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ያገኛታል። ካርቱም ግን ከገዳሪፍ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በአዝመራ ወራት ከአገራችን ብዙ የቀን ሠራተኞች ለሰሊጥ አጨዳ ወደዚያ ሲሻገሩ ኖረዋል። ስለዚህ በጎንደርና በአካባቢው ከገዳሪፍ የሚመጣ የስልክ ድምፅ የሚጠብቅ ቤተሰብ ብዙ ነው።

ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በጦርነት ምክንያት ከኢትዮጵያ የተሰደዱ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በገዳሪፍ ግዛት በኡም ራኩባና በቱናይድባ መጠለያዎች ሰፈሩ። ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ ደግሞ በሱዳን በተነሣው ጦርነት ሱዳናውያን በተራቸው በጋላባት በኩል ወደ መተማ ተሻገሩ፤ ከካርቱም የተፈናቀሉ ብዙዎችም ገዳሪፍ ተጠጉ። እንግዲህ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሰው በአንድ መንገድ ወዲያና ወዲህ ተሰድዷል ማለት ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው ስልክ ጌጥ አይደለም፤ እናቱ በሕይወት መኖሯን የሚያውቅበት መንገድ ነው።

ለ. ምሰሶው ቆሞ ስልኩ ዝም ሲል

በፌብሩዋሪ 2024 መጀመሪያ ላይ ዛይን፣ ኤምቲኤንና ሱዳኒ የተባሉት ሦስት የሱዳን የስልክ ድርጅቶች መስመር በተከታታይ ተቋርጦ አገሪቱ ከሞላ ጎደል ያለ መገናኛ ቀረች። ከጦርነቱ ግንባር የራቁ የምሥራቅ ከተሞችም ከዚህ ችግር አላመለጡም። ምሰሶው ሳይወድቅ ስልኩ ስለ ምን ዝም አለ?

ምክንያቱን ለመረዳት የሞባይል ስልክን አሠራር በአጭሩ ማስታወስ ያስፈልጋል። በሠፈራችን የምናየው ምሰሶ የራዲዮ ሞገድ የሚቀበልና የሚያስተላልፍ መሣሪያ የተሰቀለበት ነው። ደዋዩ ማን እንደሆነ፣ ሒሳብ እንዳለው፣ የሚደወልለት ሰው በዚያ ሰዓት በየትኛው ምሰሶ ሥር እንደሚገኝ በራሱ አያውቅም። ይህን የሚያውቀው የደንበኞች መዝገብና ማዞሪያው ያለበት ዋና ማዕከል ነው። ስለዚህ ምሰሶው ጥሪ በመጣ ቁጥር ማዕከሉን ይጠይቃል።

ነገሩን በትምህርት ቤት ብንመስለው፣ የተማሪዎች ስም መዝገብ በሌላ ከተማ ተቀምጦ ዘበኛው ለእያንዳንዱ ተማሪ ወደዚያ እየጠየቀ በር የሚከፍትበት ትምህርት ቤት ማለት ነው። መዝገቡ ያለበት ቢሮ ከተዘጋ ክፍሉም ወንበሩም ደኅና ሆኖ ትምህርት አይኖርም። የሱዳን ድርጅቶች ዋና ዋና ማዕከሎች ጦርነት በሚካሄድባት በካርቱም ስለነበሩ፣ እነርሱ ሲዘጉ ሩቅ አገር ያሉት ከተሞችም አብረው ተዘጉ።

ከዚያ በኋላ በፖርት ሱዳን ምትክ ማዕከል እየተደራጀ በምሥራቁ ክፍል አገልግሎቱ ቀስ በቀስ ተመለሰ። እዚህ ላይ ልብ ልንል የሚገባ ነገር አለ። መሣሪያ በገንዘብ ይገዛል፤ መሣሪያውን ተክሎ ከቀረው መረብ ጋር የሚያገናኝ ሰው ግን ችግር በደረሰ ዕለት ከገበያ አይገዛም። አስቀድሞ የተማረ መሆን አለበት። መዝገቡ በአንድ ከተማ ብቻ መቀመጡ አደጋ እንደሆነ ሁሉ፣ ሙያውም በአንድ ከተማ ብቻ መከማቸቱ አደጋ ነው።

ሐ. ሥልጠናው እስካሁን የመጣበት መንገድ

በአገራችን ስልክ የገባው በ1890ዎቹ፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በ1952 ከተቋቋመ በኋላ፣ የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ባለሙያዎች እየረዱ በአዲስ አበባ የሙያ ማሠልጠኛ ሥራ ተጀመረ። በዚያን ጊዜ የአፍሪካ ጎረቤታሞች በስልክ የሚነጋገሩት አብዛኛውን ጊዜ በአውሮፓ ከተሞች በኩል እየዞሩ ነበር። ይህን ለማስቀረት ፓናፍቴል የተባለው የመላው አፍሪካ የቴሌኮሙኒኬሽን መረብ ሲዘረጋ መስመሩን የሚይዝ የአፍሪካ ባለሙያ እንደሚያስፈልግ ጎልቶ ታየ።

ስለዚህ አንዳንድ አገሮች ኃይላቸውን አስተባብረው የጋራ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። በ1981 ሰባት የምዕራብ አፍሪካ አገሮች በዳካር፣ በ1991 ደግሞ የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ አገሮች በናይሮቢ የቴሌኮሙኒኬሽን ከፍተኛ ተቋሞች መሠረቱ። እነዚህ ተቋሞች ብዙ ጠቅመዋል። ይሁን እንጂ አንድ ገደብ አላቸው። ሠልጣኙ ከአገሩ ተነሥቶ መሄድ፣ መሥሪያ ቤቱም የጉዞና የትምህርት ወጪ መክፈል አለበት። እንዲህ ዓይነት ዕድል ሲገኝ ተራው በአብዛኛው የሚደርሰው በዋናው ከተማ ለሚሠራው እንጂ በድንበር ከተማ ምሰሶ ለሚጠብቀው አይደለም።

መ. የሥራ ባልደረባ የሥራ ባልደረባውን ሲያስተምር

ሁለተኛው መንገድ ከዚህ የተለየ ነው። በ2000 በኬፕ ታውን ከተማ የአፍሪካ ኔትወርክ አንቀሳቃሾች ቡድን፣ በአጭር ስሙ አፍኖግ፣ ተመሠረተ። ከመሥራቾቹ አንዱ በአህጉሩ የኢንተርኔት ሥራ በማስፋፋት የታወቁት ጋናዊው ዶክተር ኒ ኳይኖር ናቸው። አፍኖግ ሕንፃ ያለው ትምህርት ቤት አይደለም። ጉባኤውና ሥልጠናው በየዓመቱ ከአገር ወደ አገር ሲዘዋወር ኖሯል፤ በ2014 ለምሳሌ በጎረቤታችን በጅቡቲ ተደርጓል። አስተማሪዎቹ የማስተማር ደመወዝ የማይከፈላቸው፣ የዕለት ሥራቸው ኔትወርክ መጠበቅ የሆነ በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

የማስተማሩ ዘዴ ለእኛ ለመምህራን ትኩረት የሚስብ ነው። ሠልጣኞቹ በየጠረጴዛው በቡድን ይከፈላሉ። እያንዳንዱ ጠረጴዛ አንድ ራሱን የቻለ የኢንተርኔት ድርጅት ነው ይባልና መረቡን በገዛ እጁ ይሠራል። ከዚያም ከጎረቤት ጠረጴዛዎች ጋር ይገናኛል። አንደኛው ወገን ብቻ በትክክል ቢሠራ ግንኙነቱ አይገኝም፤ ሁለቱም ትክክል መሆን አለባቸው። በዚህ ጊዜ ሠልጣኞቹ ከወንበራቸው ተነሥተው ጥፋቱን አብረው ይፈልጋሉ። በሥልጠናው ጎልቶ የታየ ሠልጣኝ በሌላ ዓመት የአስተማሪ ረዳት፣ ቀጥሎም አስተማሪ ሆኖ ይመለሳል። አሠራሩን ከዓመት ዓመት ያቆየው ዋናው ነገርም ይህ ነው።

ይህ አሠራር ወደ አገሮችም ወርዷል። በ2014 በካርቱም የሱዳን ኔትወርክ አንቀሳቃሾች ቡድን ተቋቁሞ የአገሪቱ ባለሙያዎች እርስ በርሳቸው መማማር ጀመሩ። የ2023ቱ ጦርነት ሲነሣ የካርቱም ነዋሪ ሲበተን ባለሙያውም አብሮ ተበተነ። የተበተነው ባለሙያ በደረሰበት ቦታ ማስተማር ይችላል፤ የሚሰበስበውና ወንበር የሚሰጠው ካገኘ።

ሠ. በገዳሪፍ የተጀመረው

ገዳሪፍ ለዚህ ሥራ ባዶ ሜዳ አይደለችም። በ2005 የገዳሪፍ ዲጂታል ከተማ ድርጅት የተባለ የነዋሪዎች ማኅበር ተመሥርቷል። ከኔዘርላንድስ አይንድሆቨን ከተማ ጋር በነበረው ወዳጅነት ያገለገሉ ኮምፒዩተሮች እየመጡለት የኮምፒዩተርና የኢንተርኔት ማሠልጠኛ ከፈተ፤ ለዓይነ ስውራን ሳይቀር ትምህርት ሰጠ። ይህ ከቴሌኮሙኒኬሽን ሙያ በታች ያለ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ነው። ሆኖም ከዋናው ከተማ ርቆ የሚገኝ ሕዝብ በሌላው ዘንድ ያረጀ መሣሪያ ይዞ ትምህርት ማደራጀት እንደሚችል ያሳያል። በከተማዋ ዩኒቨርሲቲ መኖሩም ሌላ አቅም ነው።

ረ. ራሱን የሚችል መረብ ምን ይጠይቃል?

ወደ ማሠልጠኛ ተቋም ከመዛወሬ በፊት ባስተማርሁበት አንድ ትምህርት ቤት ሃያ ኮምፒዩተሮች በእርዳታ መጥተው ነበር። አሠልጣኝ ከሩቅ መጥቶ አሥር ቀን አስተማረን፤ የምስክር ወረቀት ሰጥቶን ተመለሰ። በሦስተኛው ወር ዋናው ኮምፒዩተር ተበላሸ። የመክፈቻውን ምስጢራዊ ቃል የሚያውቀው ያ አሠልጣኝ ብቻ ነበር። ክፍሉ ተቆለፈ፤ የምስክር ወረቀታችን ግን ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አልነበረም፤ እኛም «ከሄድህ በኋላ ማን ያስተምራል?» ብለን አልጠየቅነውም። ከዚህና ከላይ ከተዘረዘሩት ሁኔታዎች የሚከተሉት አምስት ነጥቦች ይወጣሉ።

1ኛ. እያንዳንዱ ሥልጠና ቢያንስ ሁለት አስተማሪዎች ይተው። አንዱ ቢታመም፣ ቢሰደድ ወይም የተሻለ ደመወዝ ቢያገኝ ሁለተኛው ይቀራል። «የሠለጠነ ሰው ጥሎ ይሄዳል» ተብሎ ሥልጠና አይቀርም፤ እንደሚሄድ ታስቦ ይታቀዳል እንጂ።

2ኛ. ትምህርቱ በሠልጣኙ ቋንቋ ይሁን። የመሣሪያው መመሪያ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ማብራሪያው በዐረብኛ፣ በአማርኛና በትግርኛ ሊሰጥ ይገባል። ለእያንዳንዱ የሙያ ቃል ፍቺ የያዘ አነስተኛ መዝገበ ቃላት ቢዘጋጅ በድንበሩ ወዲያና ወዲህ ያሉት ባለሙያዎች ይግባባሉ።

3ኛ. መሣሪያው በአካባቢው የሚጠገን ይሁን። በገዳሪፍ በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ፣ አቧራው ሲነሣ፣ መብራቱ ሲጠፋ የማይሠራ የመማሪያ መሣሪያ ቢቀር ይሻላል። አሮጌ ኮምፒዩተርና በፀሐይ ኃይል የሚሞላ ባትሪ ለልምምድ ይበቃሉ።

4ኛ. ወጪው ከአካባቢው ይሸፈን። የውጭ እርዳታ ለመነሻ ይጠቅማል፤ እርዳታው ሲያልቅ የሚያልቅ ሥልጠና ግን አልቆመም። መስመር ሲቋረጥ ኪሣራ የሚደርስባቸው የስልክ ድርጅቶች፣ ባንኮች፣ ሆስፒታሎችና ዩኒቨርሲቲዎች ለሚልኩት ሠልጣኝ መጠነኛ ክፍያ ቢከፍሉ፣ አንዱ አዳራሽ ሌላው ምግብ ቢችል ሸክሙ ይቀላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና።

5ኛ. ማዕከሉ አንድ አይሁን። በገዳሪፍ፣ በከሰላና በፖርት ሱዳን፣ በዚህ ወገን ደግሞ በጎንደርና በባሕር ዳር ትንንሽ ማሠልጠኛዎች በአንድ ሥርዓተ ትምህርት ቢሠሩ አንዱ ሲዘጋ ሌላው ይቀጥላል። ድንበሩ አንድ ጊዜ ሲከፈት አንድ ጊዜ ሲዘጋ የኖረ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ማሠልጠኛ በራሱ አስተማሪዎች መቆም አለበት። ሲከፈት ይጠያየቃሉ፤ ሲዘጋም ትምህርቱ አይቋረጥም።

ሰ. የእኛ ድርሻ

የሁለተኛ ደረጃ መምህር በዚህ ውስጥ ምን ይሠራል? ቢባል ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ የፊዚክስ መምህሩ ስለ ሞገድና ስለ ኤሌክትሪክ፣ የሒሳብ መምህሩ በሁለት አኀዝ ስለ መቁጠር ሲያስተምሩ በየከተማው የቆመውን ምሰሶ ምሳሌ ሊያደርጉት ይችላሉ። ወደ ሙያው የሚገባው ልጅ ዛሬ በክፍላችን ተቀምጧል።

ሁለተኛውና ብዙ ያልታሰበበት የማስተማር ዘዴ ነው። የኔትወርክ ባለሙያ ሙያውን ጠንቅቆ ያውቅ ይሆናል፤ ትምህርት ማቀድ፣ ጥያቄ መጠየቅ፣ ዝም ያለውን ሠልጣኝ ማናገር ግን አልተማረም። እነዚህ በእኛ ተቋሞች በየዓመቱ የሚሰጡ ትምህርቶች ናቸው። ለአሥር ባለሙያዎች የአንድ ሳምንት የማስተማር ዘዴ ትምህርት በክረምት ብንሰጥ ብዙ ወጪ አይጠይቀንም። እያንዳንዱ ባለሙያ በባልደረቦቹ ፊት የሃያ ደቂቃ ትምህርት ሰጥቶ እንዲታረም ማድረግ፣ ከዕጩ መምህራን ጋር የምንሠራው የተለመደ ልምምድ ነው።

ማጠቃለያ

በፌብሩዋሪ 2024 በምሥራቅ ሱዳን ምሰሶዎቹ ቆመው ስልኩ የጠፋው ዕውቀታቸው ሁሉ በሩቅ ከተማ ስለነበረ ነው። የባለሙያው ትምህርትም በሩቅ ከተማና በጥቂት ሰዎች ብቻ ከተያዘ ዕጣው ያው ነው። ስለዚህ በየአካባቢያችን ሥልጠና ተሰጠ ሲባል ስንት ሰው የምስክር ወረቀት ተቀበለ ብለን ብቻ አንቁጠር። በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ትምህርት ቆሞ የሚያስተምረው የትኛው ሠልጣኝ እንደሆነ በስሙ እንጠይቅ። ስሙን የሚነግረን ካጣን፣ ሥልጠናው ገና አልተጀመረም ማለት ነው።