ቅንቅኑ ያለው ቆጡ ላይ ነው



ዶሮ አርቢዎች «መድኃኒት ነሰነስኩባት፤ ቅንቅኑ ግን ተመለሰ» ሲሉ ይደመጣል። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ጠላትን በሌለበት ቦታ መፈለግ ነው።

ደርማኒሰስ ጋሊኔ የሚባለው ቀይ ቅንቅን ስምንት እግር ያለው የመዥገር ዘመድ ነው። ሌሊት የዶሮዋን ደም ይመጥጣል፤ ሲነጋ ወደ ቆጡ ስንጥቅና ወደ ግድግዳው ቀዳዳ ይመለሳል፤ እንቁላሉንም የሚጥለው በዚያው ነው። ስለዚህ ዶሮዋን በቀን የመረመረ ሰው፣ ኩክኒዋ ገርጥቶ እንቁላሏም ቀንሶ ሳለ፣ ተባዩን ላያገኘው ይችላል። በሙቀት ወቅት ትውልዱን በአንድ ሳምንት ገደማ ይተካል፤ ያለ ደምም ለወራት ይቆያል። ቤቱን ለጥቂት ሳምንታት ባዶ መተው የማይበቃው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ሕክምናው ከቆጡ ይጀምራል፦ ጉዝጓዙን አውጥቶ ማቃጠል፣ ስንጥቁን በፈላ ውሃ ማጠብ፣ ሲደርቅ ለዶሮ ቤት የተፈቀደ ፀረ ተባይ መርጨት፣ ከዚያም ቀዳዳውን መድፈን። ብዙው መድኃኒት የቅንቅኑን እንቁላል ስለማይገድል፣ ርጭቱ ከ7 ቀን ገደማ በኋላ ይደገማል።

«የተፈቀደ» የሚለው ቃል ቀላል አይደለም። በ2017 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድስና በቤልጅየም ይህንኑ ቅንቅን ለማጥፋት የተከለከለው ፊፕሮኒል በጥቅም ላይ በመዋሉ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር እንቁላል ከገበያ ተሰበሰበ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ ነው። በአገራችን ብዙ ዶሮ ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ስለሚያድር፣ መርዝን በጥንቃቄ መምረጥ የቤተሰብም ጤና ጉዳይ ነው።